መንፊያዬን እማዬ ደበቀችብኝ

ጥያቄ፦

ሰላም ለእርስዎ እትዬ። ዕድሜዬ 26 ነው። ደሴ ውስጥ አንድ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። የምኖረው ከእማዬና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው። ዓምና ከደመወዜ ቆጥቤ ያገለገለ ብስክሌት ገዛሁ፤ ባለማርሽ ነው። እሁድ እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥቼ ሐይቅ እወርዳለሁ። ውኃው ዳር ሻይ ጠጥቼ፣ ዓሣ ከደረሰም ዓሣ በልቼ እመለሳለሁ። ብቻዬን ነኝ። ጓደኞቼ አንድ ቀን ሞክረው ዳገቱን ሲያዩ ተዉት።

እማዬ ግን እንቅልፍ አጥታለች። «መኪና ይገጭሻል» ትላለች። ደግሞ «ጅብ አለ» ትላለች። ሲብስባት «ሰው ምን ይላል?» ይመጣል። አክስቴ የምታወራው ሌላ ነው፤ እሱን ለመጻፍም አፍራለሁ። ባትሪ እንዳይጨርስብኝ ስልኬን አጥፍቼ ነው የምሄደው፤ ይሄም ያናድዳታል። ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው። ወልድያ ድረስ ቢሄድ የት ነበርክ የሚለው የለም።

ባለፈው እሁድ ልወጣ ስል ጎማው ተንፍሷል። መንፊያውን ብፈልገው የለም። የደበቀችው እማዬ ናት። ጎማውንም ሳታስተነፍሰው አልቀረችም። ስጠይቃት ፊቷን ወደ ምጣዱ አዙራ «እኔ ምን አውቄ» አለች። ተጣላን። ሳምንቱን ሙሉ አልተነጋገርንም። ከዚያች የእሁድ ጠዋት በቀር የራሴ የምለው ሰዓት የለኝም። እማዬንም ማስጨነቅ አልፈልግም። ምን ላድርግ?

መንፊያዋ የተደበቀባት፣ ከደሴ

መልስ፦

የኔ ልጅ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። በሰው ጭንቀት መሳቅ ነውር ነው። ግን ምክንያት አለኝ፤ የኔም እናት መንፊያ ደብቃብኝ ታውቃለች።

ያደግሁት ኮምቦልቻ ነው። አገሩ ሜዳ ስለሆነ ብስክሌት ለእኛ እንደ ጫማ ነበር። ለወንዶቹ ማለቴ ነው። በ1987 ዓ.ም. የስፖርት አስተማሪ ሆኜ ስቀጠር የመጀመሪያዎቹን ወራት ደመወዜን አጠራቅሜ ፎኒክስ ገዛሁ። ያ ጥቁሩ፣ ከባዱ፣ ፍሬኑ በብረት ዘንግ የሚሠራው። አንድ ቅዳሜ በጭነት መኪና አስጭኜው ደሴ ወጣሁና ቁልቁለቱን ተያያዝኩት። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች ርቀት ወደ 600 ሜትር ትወርጃለሽ። ያ ፍሬን ለእንዲህ ያለ ቁልቁለት የተሠራ አልነበረም። ጉም ነበር፤ ያካፋም ነበር። አንድ ኩርባ ላይ ፍሬኑን ጨብጬ ብይዘው ጎማው ርሷል፣ ወይ ፍንክች። አስፋልቱን ለቅቄ ጠጠሩ ላይ ተዘረጋሁ። ትከሻዬ ተሰነጠቀ፣ ክርኔ ተላጠ።

ለእናቴ «ከትምህርት ቤት ደረጃ ወደቅሁ» አልኳት። ምንም አላለችም። ወጌሻ ዘንድ ወሰደችኝ። (ዛሬ ቢሆን መጀመሪያ ራጅ ተነሺ ነው የምልሽ።) ወጌሻው ትከሻዬን በቅቤ እያሸ፣ ከክርኔ ውስጥ ጠጠር በመርፌ እየለቀመ «ደረጃችሁ በአስፋልት ነው እንዴ የተሠራው?» አለ። እናቴ በነጠላዋ አፏን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች።

ትከሻዬ በሁለት ወር ዳነ። ውሸቱ ግን ቆየ። ከዚያ በኋላ «ደህና ነኝ» ስላት ክርኔን ታያለች። «ደረስኩ» ስላት አታምንም። መንፊያው የተደበቀውም ያኔ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ከእማዬሽ ጋር ታረቂ። ቡና አፍልተሽላት ቁጭ በይ። «ምንድን ነው የምትፈሪው?» ብለሽ ግን እንዳትጠይቂያት። እንደሱ ካልሻት መኪና፣ ጅብ፣ ሰው እያለች ትቆጥርልሻለች፤ አንቺም አንድ በአንድ ትከራከሪያታለሽ፤ ተመልሳችሁ ትኮራረፋላችሁ። ሰዓቱን ጠይቂያት። «እማ፣ ከወጣሁ ጀምሮ እስክመለስ በጣም የሚጨንቅሽ በስንት ሰዓት ነው?» በያት።

እኔ እናቴን ይህን የጠየቅኋት ካረጀች በኋላ ነው። ስትወጪ አላለችም። «ፀሐይዋ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ስትደርስ» አለችኝ። እዚያ ድንጋይ ላይ ፀሐይ የምትደርሰው አራት ሰዓት ላይ ነበር። እኔ የምመለሰው አምስት ተኩል።

ያንቺ እናት ደግሞ ሒሳቡን እንዴት እንደምትሠራው ልንገርሽ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። ሐይቅ 2,000 ገደማ። 30 ኪሎ ሜትር ያህሉን ስትሄጂ በአመዛኙ ትወርጃለሽ፤ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥብሽም። ስትመለሺ ትወጫለሽ። ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከደከመሽም ሦስት። እማዬሽ ብስክሌት ነድታ አታውቅም። በአንድ ሰዓት የሄደች ልጅ በአንድ ሰዓት ትመለሳለች ብላ ነው የምትጠብቅሽ። እሷ ደጅ ደጁን ስታይ አንቺ ገና ዳገቱ ወገብ ላይ በትንሿ ማርሽ እየተንፏቀቅሽ ነው። በዚያ መሃል ትደውላለች። ስልክሽ ዝግ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የት እንደነበርሽ አላውቅም። ኅዳር 27 ከተሞቹ ተመለሱ እስኪባል ድረስ ስልክ አልነበረም። ልጇን ወይ እህቷን ፍለጋ ደውላ ደውላ ያችን «የደወሉላቸው ደንበኛ…» የምትል ድምፅ ብቻ የሰማች እናት በየቤቱ አለች። እኔም ከአዲስ አበባ ለእህቴ ስደውል ሰምቻታለሁ። እስካሁን ያቺን ድምፅ ስሰማ ሆዴ ይገለበጣል። አንቺ ለባትሪ ብለሽ የምታጠፊው ስልክ ለእማዬሽ የሚያሰማት ያንኑ ነው። ብስክሌቱን ብትሸጪውና በእግርሽ ስልክሽን አጥፍተሽ ብትሄጂ፣ እኔ በበኩሌ ጭንቀቷ በምንም የሚቀንስ አይመስለኝም።

እና ሚስኮል። ሐይቅ ስትደርሺ አንዴ፣ ስትነሺ ሁለቴ፣ ዳገቱ ላይ ስታርፊ ሦስቴ። መነጋገር አያስፈልግም፤ ትንፋሽም ሳንቲምም አይባክንም። ትንሽ ፓወር ባንክ ግዢ። ለወንድምሽ ደግሞ በቴሌግራም ያለሽበትን ቦታ በቀጥታ ላኪለት። ለስንት ጊዜ ብሎ ይጠይቅሻል፤ የ8 ሰዓቱን ንኪ። ወልድያ ድረስ ሲሄድ የማይጠየቅ ወንድም፣ እሁድ ጠዋት አልጋው ላይ ተጋድሞ ስልክ አይቶ «እማ፣ እየመጣች ነው» ማለት ይችላል። እሱ የማይጠየቀውን አንቺ መጠየቅሽ ፍትሕ አይደለም፤ ልክ ነሽ። በዚህ ብትከራከሪያት ትረቻታለሽ። ግን እሁድ ጠዋት ተመልሳ ደጅ ላይ ነው የምትቆመው።

የመመለሻ ሰዓትሽን ስትነግሪያት ጨምረሽ ንገሪያት። አምስት ሰዓት የምትደርሺ ከሆነ ስድስት በያት። ስድስት ካለፈ ደግሞ መጀመሪያ ለማን እንደምትደውል ትወቅ። ለዚህ አንድ ነገር አድርጊ። አንድ እሁድ ብስክሌቱን ተዪውና እማዬን በሚኒባስ ሐይቅ ውሰጃት። መስኮት ዳር አስቀምጫት። «እዚህ ጋ ነው የማርፈው፣ እዚህ ጋ ነው ወርጄ የምገፋው» እያልሽ አሳያት። ሻይ የምታፈላልሽን ሴትዮ አስተዋውቂያት፣ ስልክ ይለዋወጡ። ወሎ አይደል፤ ሁለተኛው ሻይ ሳይቀዳ ዝምድና ቆጥረው ያገኛሉ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ለእማዬ ሰው ያለበት መንገድ ይሆናል። የአምቡላንስ ቁጥርም ስልኳ ውስጥ ይግባላት፤ የቀይ መስቀል 907 ነው።

ተደብቆ መጠበቅ ግን አይሠራም። ክረምት ላይ አንድ ባል ከኮምቦልቻ ጽፎልኝ ነበር። ሚስቱ ሥራ የምትሄደው በብስክሌት ነው። እሱ ሳይነግራት ባጃጅ ኮንትራት ይዞ ይከተላታል። ሦስት ሳምንት ሙሉ! ጥያቄው «ባጃጁ ኪሴን ጨረሰው፣ ምን ይሻለኛል?» የሚል ነበር። ንገራት አልኩት። ሲነግራት አለቀሰች አሉ። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ አንድ ባጃጅ ከኋላዋ እንደማይጠፋ አውቃ፣ በፍርሃት ሁለት ጊዜ መንገድ ቀይራለች። ለእሱም አልነገረችውም፤ ብነግረው ብስክሌቱን ያስጥለኛል ብላ።

አሁን ወደ መኪናው። እማዬሽ በዚህ እውነቷን ነው፤ አልከራከራትም። እኔም ከሰው ይልቅ መኪና እፈራለሁ። የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተለጥፈሽ አትሂጂ፤ ክንድ ያህል ወደ ውስጥ ግቢ። ጠርዙ ላይ ካየሽ ሚኒባሱ ሌላ መኪና ከፊት እየመጣም ቢሆን «ትበቃናለች» ብሎ ይጠጋሻል። ገባ ካልሽ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ተሳድቦ ያልፋል። ይሳደብ።

ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ጨብጠሽ አትውረጂ። ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ፣ የፊቱንም የኋላውንም አብረሽ። ዝም ብለሽ ከያዝሽው ይግላል፣ ላስቲኩም ያልቃል። ፍጥነት የሚቀነሰው ከኩርባው በፊት ነው፤ ኩርባው ውስጥ ከገቡ በኋላ ፍሬን መያዝ ማለት የኔ ትከሻ ማለት ነው። ሲዘንብ ደግሞ ከወትሮው ቀደም ብለሽ ያዢ። ሄልሜት አድርጊ። የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱትን ቢጫ አንጸባራቂ ሰደርያ ፈልጊ። ከኮርቻው ሥር ቀይ መብራት እሰሪ፣ ቀንም ይብራ። የደሴን ጉም ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ጉም ባለበት ጠዋት ተኚ። ነጠላም ሆነ ሻሽ ወይም ሒጃብ ጫፉ ልብስሽ ውስጥ ይግባ። አንዲት ተማሪዬ የነጠላዋን ጥለት ካቴናው ጎትቶት አንገቷን ሊያንቃት ነበር፤ በመቀስ ነው ያወጣናት።

ከዚያ መንፊያው። ጎማ መለጠፍ ትችያለሽ? ካልቻልሽ ሰፈርሽ ያለው ጎሚስታ ዘንድ ሄደሽ አንድ ከሰዓት ቁጭ በይ። ብር ክፈይውና እጅሽን አቆሽሺ። ጎማው ሲተነፍስ ካመራዳሪያውን እንዴት እንደሚያወጡት፣ ውኃ ውስጥ ነክረው ቀዳዳውን እንዴት እንደሚያገኙት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው ማስቲሽ ቀብተው እንዴት እንደሚለጥፉት ተማሪ። ትርፍ ካመራዳሪያም ያዢ። ጎማዋ ተንፍሶ መንገድ ዳር የቆመች ሴት ካየ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ይቆምላታል። አብዛኛው ሊረዳ ነው። ያ አንዱ ግን ለምን እንደቆመ አይታወቅም። በ15 ደቂቃ ለጥፈሽ፣ ነፍተሽ ብድግ ካልሽ ማንንም አትጠብቂም። ይህን ለእማዬሽ እንዲሁ እንዳለ ንገሪያት። የደበቀችው መንፊያ አንቺን ከዚያ መንገድ ዳር የሚያነሣ ዕቃ ነው። እኔ ለእናቴ ይህን ስነግራት ዝም አለች፤ ማታ መንፊያው ትራሴ ላይ ነበር።

ዳገቱ ከጠናብሽ ወይ ከመሸብሽ ሚኒባስ አስቁሚ። ብስክሌቱን ፖርቶ መጋላ ላይ ያስሩልሻል። ማርሽ መቀየሪያው ወደ ላይ ይሁን በያቸው፤ ረዳቶቹ እሱን አያዩም። በሚኒባስ መመለስ መሸነፍ አይደለም፤ እኔ ስንቴ ተመልሼበታለሁ።

ሌላው የዘመኑ ነገር ነው። ቅዳሜ ማታ መናኸሪያ ጎራ በይና የሐይቅን ሾፌሮች «ነገ መንገዱ እንዴት ነው?» በያቸው። ከማንም በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። «ሰላም ነው» ካሉሽ ሂጂ። «እንጃ» ካሉና እርስ በርስ ከተያዩ እሁድሽን ደሴ ውስጥ አሳልፊው። እዚህ ላይ እልህ አያስፈልግም። የት እንደምትሄጂ ለሦስት ሰው ንገሪ፤ ለሦስት መቶ ሰው አትንገሪ። ፎቶሽን ቲክቶክ ላይ የምትለጥፊው ቤት ከገባሽ በኋላ ይሁን። አንዱ መንገድ ላይ «ብቻሽን ነሽ?» ካለሽ «ወንድሜ ከኋላ እየመጣ ነው» በይ። ውሸትን ስኮንን ቆይቼ ይህችን እፈቅድልሻለሁ።

ጅቡ በዚያ ሰዓት ገብቷል፤ ውሻው ግን አልገባም። የእረኛ ውሻ ካባረረሽ ፔዳል እየመታሽ ለመሮጥ አትሞክሪ። ውረጂ፣ ብስክሌቱን በአንቺና በእሱ መሃል አድርጊ፣ እየገፋሽ ቀስ ብለሽ እለፊ። የሚሮጥ ነገር ሲያጣ ይሰለቸዋል። ልጆቹን ደግሞ ቀድመሽ «እንደምን አደራችሁ!» በያቸው። ሰላም ያለቻቸው ላይ ድንጋይ የሚወረውሩ ልጆች እኔ አልገጠሙኝም። «በርቺ! በርቺ!» እያሉ ዳገቱን አብረውሽ ይሮጣሉ እንጂ።

«ሰው ምን ይላል» የሚለውን ቶሎ ልለፈው። ሰው ይላል። እኔንም የሰፈር ሴቶች ወንዳወንድ ብለውኛል። በሦስተኛው ወር ከእነዚያው ሴቶች አንዷ «መምህርት፣ ልጄ ዘጠነኛ ክፍል አለፈች፣ ትምህርት ቤቷ ሩቅ ነው፣ እባክሽ ብስክሌት አስተምሪልኝ» ብላ መጣች።

አክስትሽ የምታወራውን አልጻፍሽልኝም። ግን ሠላሳ ዓመት ሴት ተማሪዎች ሳሠለጥን ኖሬ ምን እንደሆነ ባላውቅ ይገርማል። «ብስክሌት ድንግልና ያበላሻል» ነው አይደል? ድንግልና ማለት ከወንድ ጋር አለመገናኘት ነው፤ ኮርቻ ላይ መቀመጥ እሱን አይለውጠውም። ያቺ ስስ ሥጋ ደግሞ ከሴት ሴት ትለያያለች፤ አይቶ ይህች ድንግል ናት፣ ይህች አይደለችም ማለት አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 እ.ኤ.አ. ከሁለት የተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤቶች ጋር ሆኖ እንዲህ ያለው ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም፣ ይቅር ብሏል። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠሪው፤ አክስትሽን ወደ ጓዳ ጠርተሽ በቀስታ አስረጃት። እማዬሽ ፊት አይሁን። ታፍራለች፤ ካፈረች ደግሞ ይብስባታል።

እማዬን «ብቻዋን» የምትለዋ ቃል ከከበደቻት ስለ ሰላም አምሃ አውሪላት። በቶኪዮ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክላ ብስክሌት የነዳች ልጅ ናት፤ ሐምሌ 2013 ዓ.ም. ማለት ነው። የተወዳደረችበት ዓይነት ከሰዓት ጋር የሚደረገው ነው። ጋላቢዎቹን አንድ በአንድ እየለዩ ይለቋቸዋል፤ ከፊት የምትከተያት፣ ከጎን የምታወሪያት የለችም። በእኔ ጊዜ ለእናቴ የምነግራት እንዲህ ያለ ስም አልነበረኝም።

እንግዲህ አብሽሪ። ዛሬ ማታ እስኪ ኩርፊያውን ተይው፣ ቡናውን ቁይ። መንፊያውን ደግሞ በቁጣ አትጠይቂያት፤ ራስሽ ፈልገሽ አግኝው። የኔ እናት የደበቀችው በርበሬ ማሰሮ ውስጥ ነበር፤ ለአንድ ወር ጎማ በነፋሁ ቁጥር አስነጥሶኛል። መጀመሪያ እዚያ እይ።